ጣና ላይ ናፍታ ቢፈስ ወዴት እንደሚሄድ ማስላት ይቻላል?

ጠያቂ፦ ሰላም ወገኖች። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ጀልባ መቆሚያው አጠገብ ነው። ነዳጅ ሲቀዳ ውሃው ላይ የሚያብረቀርቅ ቅባት አያለሁ። አንድ በርሜል ቢገለበጥስ? ደንገሉ በጣም ያሳስበኛል፤ ቅባት አንዴ ከገባበት ማን ያወጣዋል?

መልስ፦ ይቻላል እህቴ። የአሜሪካው የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት ኖኣ (NOAA) በነጻ የሚሰጠው፣ ኖም (GNOME) የሚባል የኮምፒውተር ሞዴል አለ። የነፋስና የውሃ ፍሰት መረጃ ታስገቢለታለሽ፤ ቅባቱን በብዙ ነጥቦች ከፋፍሎ ያንቀሳቅሰዋል። ለግምት ያህል፣ ቅባት የነፋሱን ፍጥነት 3 በመቶ ገደማ ይዞ ይጓዛል። ነፋሱ በሰከንድ 5 ሜትር ከሆነ በሰዓት 540 ሜትር ይሄዳል ማለት ነው።

ሌላ መልስ፦ ልጄ፣ የቀኑንና የሌሊቱን ነፋስ ለየብቻ አስሊው። ጨረጨራንም አትርሺ፤ ዓባይ የሚወጣው በዚያ ነው።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ አባባ። እንግዲያው ከጨረጨራ እጀምራለሁ። የሰዓት በሰዓት የነፋስ መረጃ ያላችሁ እባካችሁ አካፍሉኝ።