«ልዩ ኃይል» ስንል የቱን ነው?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሰላም ቤተሰብ። ሥራዬ ማስተርጎም ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የጥገኝነት ጉዳይ ላላቸው ሰዎች። አንዱ ባለጉዳይ «ልዩ ኃይል ነበርኩ» ይላል። ቃል በቃል «ስፔሻል ፎርስስ» ብለን እናሳልፈዋለን። ፈረንጁ ቀና ይልና «ከአውሮፕላን ዘለሃል? ፈንጂ ማምከን ተምረሃል?» እያለ መጠየቅ ይጀምራል። ልጁ እኮ ኬላ ላይ ቆሞ መኪና ሲፈትሽ የኖረ ነው! «አልዘለልኩም» ሲል ደግሞ ቃሉን የቀየረ ይመስላል። ምን ብለን እንተርጉመው?

ሽሮ ሜዳ፦
እህቴ፣ ጣጣው የአማርኛው ብቻ አይደለም። አሜሪካኖቹ ራሳቸው ስሙን አጥብበው ነው የያዙት። እነሱ ዘንድ «ስፔሻል ፎርስስ» አንድ የምድር ጦር ክፍል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1952 ፎርት ብራግ ላይ የተመሠረተው ባለ አረንጓዴ ቆቡ። «ሬንጀር» የሚባለው የምድር ጦሩ ምርጥ እግረኛም ሆነ «ሲል» (SEAL) የሚባለው የባሕር ኃይሉ ክፍል በዚህ ስም አይጠሩም። ሁሉንም የሚያቅፈው ስም «ልዩ ዘመቻዎች» ነው። የነዚህ ሁሉ የጋራ ዕዝ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። መነሻም አለው፤ ከዚያ በፊት በ1980 ቴህራን የታገቱትን አሜሪካውያን ለማስለቀቅ ወጥተው በረሃ ላይ ሄሊኮፕተርና አውሮፕላን ተጋጭቶባቸው 8 ሰው ሞቷል። ከየጦሩ የተውጣጣ ሰው ነበር፣ አብሮ የሠራ ግን አልነበረም።

ባለ አረንጓዴ ቆቡ መሠረታዊ ቡድን 12 ሰው ነው። አዛዡ ሻምበል ነው። ምክትሉ፣ የዘመቻና የመረጃ ኃላፊዎቹ ሲደመሩ አራት ይሆናሉ። የቀሩት ስምንቱ መሣሪያ፣ ምህንድስና፣ ሕክምና እና ራዲዮ ላይ ሁለት ሁለት ሆነው ይመደባሉ። ለምን ጥንድ ጥንድ? ቡድኑ ለሁለት ቢከፈል ሁለቱም ወገን ሐኪምም ራዲዮ ሠራተኛም እንዲኖረው ነው። ዋና ሥራቸውም ፊልም ላይ እንደምናየው በር መስበር አይደለም። የሌላ አገር ተዋጊ ማሠልጠን ነው። ለዚህም ቋንቋ ይማራሉ።

ቀበና፦
የኛው ታሪክ ሌላ ነው። ነገሩ የተጀመረው ሶማሌ ክልል ነው። በ1999 ዓ.ም. አቦሌ የነዳጅ ፍለጋ ጣቢያ ላይ ጥቃት ከደረሰ በኋላ ክልሉ «ልዩ ፖሊስ» አደራጀ። ልብ በሉ፣ ፖሊስ ነው! ስሙ ሳይተረጎም ነው የወጣው፤ ሶማሊኛ ተናጋሪውም «ሊዩ» ይላል፣ የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች የእንግሊዝኛ ሪፖርትም «ሊዩ ፖሊስ» ብሎ ይጽፋል። ከዚያ ሌሎቹም ክልሎች ተከተሉ፤ «ፖሊስ» የምትለዋ ቃል በሰው አፍ ላይ እየቀረች «ልዩ ኃይል» ብቻ ቀረ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 52 ላይ ለክልል የሚፈቅደው ፖሊስ ነው፤ ልዩ ኃይል የሚል ቃል የለበትም። መጋቢት 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የፌዴራል መንግሥቱ ሁሉንም ወደ መከላከያ፣ ወደ ፌዴራል ፖሊስና ወደ ክልል ፖሊስ አስገባለሁ ብሎ አስታወቀ። አማራ ክልል ላይ የተነሳውን ተቃውሞ ሁላችንም እናስታውሳለን፤ እሱን እዚህ አንጀምረው።

ጎላ ሰፈር፦
ታዲያ ከመደበኛው ፖሊስ በምን ተለየ? በዩኒፎርም ብቻ?

ቀበና፦
ኧረ አይደለም። ካምፕ ይኖር ነበር፣ በጦር ሥርዓት ይንቀሳቀስ ነበር፣ ይይዘው የነበረው መሣሪያም የትራፊክ ፖሊስ መሣሪያ አልነበረም። ተጠሪነቱ ግን ለክልል ነበር። ባለ ቆቡ አሜሪካዊ የሚታዘዘው በፌዴራሉ ጦር ነው። አንዱን ከሌላው የሚለየው የሥልጠናው ክብደት ሳይሆን አዛዡ ማን ነው የሚለው ይመስለኛል።

አራት ኪሎ፦
በሥልጠናውም ይለያያል እንጂ ጋሼ! ግን ሐሳብዎ ገብቶኛል። እኔ ደግሞ «ልዩ» የምትለዋን ልያዝ። «ልዩ ሰው ነው» ስንል ሙገሳ ነው። «ልዩ ትኩረት» ሲባል ግን ከሌላው ተለይቶ የተሰጠ ማለት ነው፣ ሙገሳ የለበትም። ልዩ ኃይልም ከዚህኛው ወገን ነው። ሩሲያኖቹ «ስፔትስናዝ» ሲሉ «ለልዩ ተግባር የተመደበ» ማለታቸው ነው፤ ልዩ የተባለው ሥራው ነው፣ ሰውየው አይደለም። ስለዚህ የጦሩ መረጃም አለው፣ ፖሊሱም አለው፣ የእስር ቤት አስተዳደሩ ሳይቀር የራሱ ስፔትስናዝ አለው። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትተረጉመው ወደ ሩሲያኛ ቢሆን ኖሮ ማንም ከአውሮፕላን ዝለል ባላለው ነበር።

«ኮማንዶ»ም ጉደኛ ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ቦር የሚባለው የሆላንድ ዘር ያለው ነጭ ገበሬ ፈረሱንና ጠመንጃውን ይዞ በየወረዳው የሚከትበት ጭፍራ ነበር፤ የኛ ሚሊሻ በሉት። እንግሊዞች ከነሱ ጋር ሲዋጉ ቃሉን ተማሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1940 ደግሞ የራሳቸውን ምርጥ ወታደር ጠሩበት።

ሽሮ ሜዳ፦
«ኃይል»ንም አትርሷት። በትግርኛ ይሠሩ በነበሩት የትግል ድርጅቶች «ሓይሊ» የጦር ክፍል የመጠን ስም ነው፤ ከጋንታ በላይ፣ እኛ ሻምበል የምንለው ክፍል (ማዕረጉን ማለቴ አይደለም)። «የኔ ኃይል» የሚል የድሮ ታጋይ ስታገኚ ዝም ብለሽ «ፎርስ» እንዳትይ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ይሄማ ደርሶብኛል! እሺ፣ እኔ የማስበው «ልዩ ኃይል» የሚለውን እንዳለ ትቼ፣ ከጎኑ «በክልል መንግሥት ሥር የነበረ የታጠቀ ፖሊስ» ብዬ ለመጨመር ነው። የመከላከያው ኮማንዶ ወይም አየር ወለድ ከሆነ ግን በስሙ።

ቀበና፦
ጥሩ ነው። ግን የማብራሪያውን ነገር አስቀድመሽ አስፈቅጂ፤ አስተርጓሚ ከራሱ ጨመረ እንዳይሉሽ። ደግሞ «የት ክልል? በስንት ዓመተ ምሕረት?» ብለው ልጁን እንዲጠይቁት ቢደረግ ይሻላል። በዚያች ጥያቄ ብቻ ነገሩ ይጠራል።

ጎላ ሰፈር፦
«ፈጥኖ ደራሽ»ስ? አባቴ አሁንም አድማ በታኝ ባየ ቁጥር እንዲያ ነው የሚለው።

አራት ኪሎ፦
የንጉሡ ዘመን የፖሊስ ክፍል ነው። ለሱ ሌላ ርዕስ ክፈትለት፣ ብዙ የሚወራ አለው።