አሞራ ገደል፦ አባ ኮዳው ይደበዝዛል፣ የፔሊካኑ ነጭ ላባ ይቃጠላል

ሐይቅ_ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ዓሣ ገበያው አሞራ ገደል ላይ ወፍ የማነሳው በካኖን ካሜራ፣ በ55–250 ሚሜ ሌንስ ነው። ሁለት ነገር አስቸገረኝ። አባ ኮዳው ውሃው ላይ ዝቅ ብሎ ሲበር ክንፉ ይደበዝዛል፤ አንዳንዴም መላው ወፍ። ፔሊካን ደግሞ ጥቁር ውሃ ላይ ሲሆን ላባው ባዶ ወረቀት ይመስላል፣ ያው ወፍ ተነስቶ ሰማይ ላይ ሲወጣ ይጠቁራል። ሞዱ ኤቪ (አፐርቸሩን እኔ፣ የሸተሩን ፍጥነት ካሜራው የሚመርጥበት)፣ አፐርቸሩ (የሌንሱ ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ሲያድግ ይጠብባል) ኤፍ 5.6፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100። ሰዓቱ ከጠዋቱ 3 እስከ 5። ሌንስ ልቀይር ወይስ አጠቃቀሜ ነው?

ታቦር_ጫፍ፦
ሌንሱን አትቀይር። ሁለት ችግር ያልከው አንድ ነው።

ካሜራው የሚያየውን ሁሉ አማካኝ ግራጫ ሊያደርግ ይሞክራል። ፍሬሙ በጥቁር ውሃ ሲሞላ «ጨለማ ነው» ብሎ ሸተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ) ያዘገየዋል። በአይኤስኦ 100 ወደ 1/400 ሰከንድ ይወርድልሃል። በዚህ ፍጥነት የሚርገበገብ ክንፍ አይቆምም፣ ነጩ ላባም ከሚገባው በላይ ብርሃን ይጠጣል። ብዥታውም ቃጠሎውም ከዚሁ የመጡ ናቸው። ሰማይ ላይ ተቃራኒው ነው፤ ዳራው ስለደመቀ ካሜራው ብርሃኑን ይቀንሳል፣ ወፉም ይጠቁራል።

ልብ በል፣ ወፉ ላይ ያረፈው ፀሐይ ውሃ ላይም ሰማይ ላይም ያው ነው። የተለወጠው ዳራው ብቻ ነው። ስለዚህ ኤም ሞድ (ሁሉንም ቁጥር ራስህ የምትመርጥበት) ላይ ግባና ልኬቱን ቆልፈው።

ጥርት ባለ ፀሐይ መነሻህ ኤፍ 5.6፣ 1/3200፣ አይኤስኦ 400 ይሁን። ፔሊካን ወይም ሌላ ነጭ ወፍ ከሆነ ኤፍ 6.3፣ 1/4000፣ አይኤስኦው እዚያው 400። ፀሐይ እንደወጣች ባለው ግማሽ ሰዓት ብርሃኑ ገና ደካማ ስለሆነ ኤፍ 5.6፣ 1/2000፣ አይኤስኦ 1600 ያስፈልግሃል። አይኤስኦ 1600 አያስፈራህ። አይኤስኦ ሲበዛ የሚመጣውን ነጠብጣብ ኮምፒውተር ላይ መቀነስ ይቻላል፤ የደበዘዘ ክንፍ ግን አይመለስም።

ቁጥሩን በጭፍን አትቀበለኝ፣ እዚያው አጣራ። የተቃጠለ ቦታ ብልጭ ድርግም እንዲል የሚያደርገውን ማስጠንቀቂያ ሜኑ ውስጥ ገብተህ አብራ። ፀሐይ ያረፈበት ቆሞ ያለ ፔሊካን አንሳ። ጀርባው ብልጭ ካለ ሸተሩን አንድ እርከን አፍጥንና ድገም፣ ብልጭታው እስኪጠፋ። ሸተሩ 1/4000 ደርሶ ካለቀብህ አፐርቸሩን አጥብብ። ከዚያ ወፉ የትም ይብረር፣ አትንካው። ፋይሉ ራው (ያልተቀናበረው ጥሬ ፋይል) ይሁን፤ ጄፔግ ላይ የተቃጠለ ላባ ምንም አያተርፍም።

ጉዱማሌ_7፦
ታቦር_ጫፍ ያለው ልክ ነው፣ ግን ሰዓትህም ያጠፋብሃል። ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ነው፤ ስለዚህ ጠዋት ዳር ላይ ቆመህ ወደ ውሃው ስታይ ፀሐይ ከጀርባህ ናት፣ የወፉ ፊትና ዓይን ይበራል። ፀሐይ የምትወጣው እንደ ወሩ ከ12:10 እስከ 12:50 ባለው ጊዜ ነው። ስትወጣ እዚያ ሁን፣ እስከ 3 ሰዓት ሥራህን ጨርስ። ማታ ከዚያው ቦታ ፀሐይዋ ፊት ለፊትህ ትሆናለች፤ ጥላ ብቻ የሚታይበት ፎቶ ከፈለግህ ጥሩ ነው፣ ለላባ ግን አይሆንም።

ከ3:30 በኋላ ሌላ ጣጣ ይመጣል። መሬቱና ውሃው የተለያየ ሙቀት ስለሚይዙ በመሃል ያለው አየር ይንቀጠቀጣል። ሩቅ ያለ ወፍ ሸተሩ 1/4000 ቢሆንም ልስልስ ይላል፣ ሰውም ፎከሱን ይወቅሳል። መለያው ቀላል ነው፦ ላይቭ ቪው (ምስሉን በካሜራው ስክሪን የሚያሳየውን) ክፈት፣ ሩቅ የታሰረ ጀልባ ላይ 10 እጥፍ አቅርብ። የጀልባው ጠርዝ የሚዋኝ ከመሰለ ሩቁን ተወውና 10 ሜትር አካባቢ ያለውን አንሳ። ይህን የሚያስተካክል ሌንስ የለም፣ የሚሊዮን ብር ቢሆንም።

ፎከሱ ኤአይ ሰርቮ (የሚንቀሳቀስን ነገር የሚከታተለው) ላይ ይሁን፣ ነጥቡ የመሃሉ ብቻ። ሁሉንም ነጥብ ከከፈትክ ካሜራው የውሃውን ሞገድ ይይዝብሃል። ፎከስን ከኋላ ቁልፍ (ኤኤፍ ኦን ወይም ኮከብ ምልክቱ) ላይ አድርገውና አውራ ጣትህ አይልቀቀው።

ወፍ የሚነሳውም የሚያርፈውም ነፋስን ፊት ለፊት ይዞ ነው። ነፋሱ ከኋላህ፣ ከከተማው ወደ ሐይቁ ሲነፍስ ፊቱን ወዳንተ አድርጎ ያርፋል። ከሐይቁ ሲመጣ የምታገኘው ጅራት ነው፤ ያን ጊዜ ቦታ ቀይርና ከጎን አንሳ። ደግሞ ተንበርከክ። ቁመህ ካነሳህ ከአባ ኮዳው ኋላ የሚታየው ጭቃና የዓሣ አንጀት ነው፤ ሌንሱን ወደ ውሃው ከፍታ ካወረድከው ዳራው ንጹሕ ሐይቅ ይሆናል።

አላሙራ_ስር፦
በአንድ ነገር አልስማማም። ኤም ሞድ የበጋ ምክር ነው። ክረምት ላይ ደመናው በየደቂቃው ሲመጣና ሲሄድ የቆለፍከው ልኬት ይከዳሃል፤ ፀሐይዋ ስትሸፈን ብርሃኑ ሁለት ስቶፕ ያህል (ወደ ሩብ) ይወርዳል፣ አንተ ቁጥር ስታዞር ወፉ ሄዷል። እንዲህ ባለ ቀን ኤቪ ላይ ቆይ፣ አይኤስኦ 1600 አድርግና በኤክስፖዠር ማካካሻው (ካሜራው የመረጠውን ብርሃን መቀነሻና መጨመሪያ) ተጫወት፦ ጥቁር ውሃ ላይ ነጭ ወፍ ሲሆን −1፣ ደማቅ ሰማይ ላይ ሲወጣ +1 ወይም ትንሽ ከፍ።

ታቦር_ጫፍ፦
እውነት ነው፣ ለተቆራረጠ ደመና ያንተ ይሻላል። ሙሉ በሙሉ ከደመነ ግን ብርሃኑ ስለማይለዋወጥ ኤም ይመለሳል።

ሐይቅ_ዳር፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። ዳር ዛፉ ላይ ያለው ጉሬዛ ፊቱ ሁልጊዜ ጥቁር ጉድጓድ ይሆንብኛል። ሌላው፣ ዓሣ የሚበለትበት ጋ የሚረጨው ውሃ ሌንሱ ላይ ደርቆ በጨርቅ አልለቅ አለ።

ጉዱማሌ_7፦
ጉሬዛ በአንድ ፍሬም ጥቁርም ነጭም ስለሆነ ከባድ ነው። በቅጠል መሃል ሰማይ የሚታይበት ቅርንጫፍ ላይ ከሆነ አትድከም፤ ወርዶ ኋላው ቅጠል ብቻ እስኪሆን ጠብቅ። ጥላ ውስጥ 1/500፣ ኤፍ 5.6፣ አይኤስኦ 1600 ወይም 3200። ልኬቱን ለነጩ ፀጉር አድርግና የፊቱን ጥቁር ከራው አውጣው። ለማስወረድ ብለህ ምግብ አትስጠው፤ የሰው እጅ የለመደ ጉሬዛም ጦጣም መንጠቅና መንከስ ይጀምራል።

አላሙራ_ስር፦
የሌንሱን በሸሚዝ ወይም በነጠላ አትሸው። የዓሣው ቅባት አሸዋ ይዞ ስለሚደርቅ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይጭራል። መጀመሪያ በእጅ የሚጨመቅ የጎማ ማናፊያ፣ ከዚያ ለስላሳ ብሩሽ፣ መጨረሻ ላይ የሌንስ ፈሳሽ። ፈሳሹ ጨርቁ ላይ ይንጠብ፣ መስታወቱ ላይ በቀጥታ አይደለም፤ በጠርዙ ሾልኮ ይገባል። ከመሃል ወደ ዳር እያዞርክ ጥረግ። 58 ሚሜ መከላከያ ፊልተር ብትገጥም ደግሞ የሚቆሽሸው እሱ ይሆናል። ግን መጀመሪያ ሌንስህ ፊት ላይ ወይም ክዳኑ ላይ ያለውን ቁጥር እይ፤ የፊልተር ልክ በሌንሱ ይለያያል።

ቤት ስትገባ እርጥብ ቦርሳ ውስጥ ዘግተህ አትተወው። እርጥበት ከ60 በመቶ በላይ ሲቆይ ሌንስ ውስጥ ሻጋታ ያበቅላል፤ እንደ ሸረሪት ድር ሆኖ ይታያል፣ የመስታወቱን ስስ ሽፋንም ይበላል። ጥብቅ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከሲሊካ ጄል ጋር አስቀምጠው። በሲሊካው ፋንታ ሩዝ የሚጨምሩ አሉ፤ አቧራው ሌንሱ ውስጥ ይገባል፣ ተወው።