እህቴ ለመክሳት ብላ የሚያስቀምጥ ኪኒን ትውጣለች፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦
ወገኖቼ፣ ታናሽ እህቴ 19 ዓመቷ ነው። ለጥር ሰርግ ልክሳ ብላ የጀመረችው ቢሳኮዲል የሚባል የሚያስቀምጥ ኪኒን ይኸው ሁዳዴ ገብቶም አልለቀቃት። መጀመሪያ አንድ ፍሬ ይበቃት ነበር፤ አሁን ብዙ ካልዋጠች ሆዷ አይፈታም። ሰሞኑን ሌሊት ባቷን ይሸመቅቃታል፣ ስትነሳ ያዞራታል፣ ልቤ ይዘላል ትላለች። ስነግራት «ከፋርማሲ የተገዛ ምን ያደርገኛል?» ነው መልሷ። ኪኒኑን ልጣልባት?

ፋርማሲስት (ሸዋ ሮቢት)፦
እህቴ፣ የልቧ ነገር አያድርም። ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰጃት፤ ፖታሲየም የሚባለው የደሟ ማዕድን በምርመራ ይታይ፣ የልብ ምቷን የሚመዘግበው ኢ.ሲ.ጂ. ይነሳላት። ስንት እንደምትውጥ ለሐኪሙ አትደብቁ። ተቅማጡ ውኃ ብቻ አይደለም ይዞ የሚወጣው፤ ፖታሲየም ሲጎድል ጡንቻ ይዝላል፣ የልብ ምት ይዛባል፣ ሲቆይ ኩላሊትም ይጎዳል። ደግሞ አያከሳም! ቢሳኮዲል የሚሠራው ትልቁ አንጀት ላይ ነው፤ የምግቡ ኃይል ግን በአብዛኛው ቀድሞ በትንሹ አንጀት ተመጧል። ሚዛን ላይ የቀነሰው ውኃ ነው፣ ስትጠጣ ይመለሳል።

እናት (መንዝ)፦
ልጄ፣ እኛ በየሁለት ወሩ ኮሶ እየጠጣን ነው ያደግነው። እሱ አይሻላትም?

ፋርማሲስት፦
እማማ፣ ኮሶ የትል መድኃኒት ነው፤ እሱም ያስቀምጣል። አሁን ቢጨመርባት ይብስ ያደርቃታል። ስታገግም ግን የእርስዎ ተልባ ከብዙ ውኃ ጋር ይጠቅማታል።

ያለፈችበት (ደብረ ሲና)፦
እኔ ሁለት ዓመት ወስጃለሁ። ያቆምኩ ሰሞን ሆዴ ተነፋ፣ እግሬ አበጠ። ወፈርኩ ብዬ ሁለት ጊዜ ተመለስኩበት። በሦስተኛው ሐኪሙ «ሰውነትሽ ውኃ እየያዘ ነው፣ ያልፋል» አለኝ፤ በሳምንታት ውስጥ አለፈ። ይህን አስቀድመሽ ንገሪያት፣ እንዳትደነግጥ። ኪኒኑን ግን አትጣዪባት። እናቴ ስትጥልብኝ ሌላ ፋርማሲ ሄጄ ገዛሁ። የጠቀመኝ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ነው፤ ፍርሃቴን ሳይቆጣኝ ሰማኝ። ቤት ውስጥ «ወፍረሻል» የሚላት ካለም ዝም ይበል።

ጠያቂ፦
ወሰድኳት። ፖታሲየሟ ዝቅ ብሎ ተገኘ፣ ተኝታ እየታከመች ነው። «ወፍረሻል» ያልኳት እኔ ነበርኩ፤ የሰርጉን ቀሚስ ስትለካ። ማታ አልጋዋ አጠገብ ይቅርታ ጠየቅኳት።