ጫኝና አውራጅ «ሉምፐን» ነው?

ጥያቄ፦ አዳማ መናኸሪያ ያሉት ጫኝና አውራጆች፣ ሊስትሮዎችና የሰው ባጃጅ በቀን ገቢ የሚነዱ ልጆች በማርክስ አከፋፈል ሉምፐን ፕሮሌታሪያት (ባጭሩ ሉምፐን፦ ከመደበኛ ሥራ ውጭ የሚኖር፣ ከሠራተኛው መደብ በታች የወደቀ ክፍል) ናቸው? ለክፍል ጽሑፍ ነው፤ የት ልመድባቸው?

መልስ 1፦ አይደሉም። ድህነት መስፈርት አይሆንም፤ መጀመሪያ እንጀራው ከየት እንደሚመጣ ጠይቅ። ጫኙ ጉልበቱን በቀን ይሸጣል፤ ስለዚህ ወዛደር ነው። ሊስትሮው ሳጥኑና ብሩሹ የራሱ ከሆኑ ለራሱ የሚሠራ ነው። ባጃጁ ያስቸግራል፦ ለባለቤቱ ቁርጥ ገንዘብ አስገብቶ ትርፉን ይወስዳል። እኔ ኪራይ የለበሰ ደመወዝ ነው እላለሁ።

መልስ 2፦ ወንድሜ፣ ጥቅስ ስትመርጥ ተጠንቀቅ። ማርክስ እ.ኤ.አ. በ1852 በፈረንሳይ መፈንቅለ መንግሥት ስላደረገው ስለ ሉዊ ቦናፓርት ሲጽፍ ሉምፐን ብሎ ከዘረዘራቸው ውስጥ ተሸካሚዎችም አሉበት (ደራሲዎችም ጭምር!)። ያንን ብቻ የያዘ ሰው ጫኙን ሉምፐን ያደርገዋል። ዝርዝሩ ግን የቦናፓርትን ደጋፊዎች ለመዝለፍ የተጻፈ እንጂ የመደብ መለኪያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1867 የወጣው የ«ካፒታል» 1ኛ ቅጽ ምዕራፍ 25 ይሻልሃል። እዚያ ትርፍ የሠራተኛ ሕዝብ (ካፒታል ቋሚ ሥራ የማይሰጠው) ተንሳፋፊ፣ ድብቅና የረጋ ተብሎ ይከፈላል። የረጋው ሥራው እጅግ የተቆራረጠ፣ ሰዓቱ ረጅም፣ ክፍያው ዝቅተኛ ነው፤ ጫኞችህ እዚህ ይቀርባሉ። ሉምፐን የሚላቸውን ወንጀለኞችን፣ ሴተኛ አዳሪዎችንና ሥራ ፈት ተንከራታቾችን ለብቻ ያወጣቸዋል።

መልስ 3፦ ሉምፐንን «ዱርዬ» ብለህ አትተርጉመው፤ ስድብ ሆኖ ይቀራል። የፀረ ቅኝ ግዛት ጸሐፊው ፍራንዝ ፋኖን እ.ኤ.አ. በ1961 ከማርክስ በተቃራኒ ሉምፐኑን የአብዮት ኃይል አድርጎታልና ሁለቱን አታቀላቅል።