የመንደር ጉብኝት ዕቅድ፦ በረቂቁ ላይ የአባላት አስተያየት

ጸሐፊ፦ ወደ መንደሩ ሄደን ሁለት ሌሊት ለማደር ተስማምተናል። የቀረን የተጓዡ ቁጥር፣ የእግር ጉዞውና የወንዙ ጀልባ ነው። አስተያየታችሁን አስፍሩ፤ ረቂቁን እያረምኩ እሄዳለሁ።

የጉዞ ኮሚቴ አባል፦ አርባ ሰው በአንድ ጊዜ የሚለው ይሰረዝ። አርባ እንግዳ ባደረ ቁጥር ከምንጭ የሚቀዳው ውሃ፣ የሚለቀመው ማገዶ፣ የመጸዳጃ ቤቱ ሰልፍ በዚያው ልክ ይጨምራል። ሸክሙ ደግሞ ጎህ ሳይቀድ በሚነሱት የቤቱ ሴቶች ላይ ነው የሚወድቀው። ሃያ ሃያ ሆነን በሁለት ዙር እንሂድ።

ገንዘብ ያዥ፦ ሁለት ዙር ማለት ሁለት የመኪና ኪራይ ማለት ነው፤ መዋጮው ከፍ እንደሚል አባላት አስቀድመው ይወቁት። የምግቡን ገንዘብ ግን አልነካም። ወጥ ቤት ጭነን የምንሄድ ከሆነ መንደሩ ከእኛ የሚያተርፈው አቧራ ብቻ ነው። ለአስተናጋጅ ቤቶቹ ቀጥታ እንክፈል፤ ምን እንደሚሠራ ባለቤቶቹ ይወስኑ፤ የማይስማማው ምግብ ያለው ሰው አሁኑኑ ያስመዝግብ።

አንጋፋ አባል፦ ረቂቁ ለ10 ኪሎ ሜትርና ለ600 ሜትር ሽቅብ ሁለት ሰዓት መድቧል። ማን እንዳሰላው አላውቅም፤ ተራራ የወጣ ሰው ግን አይመስለኝም። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊሊያም ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ስሌት ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር አቀበት ሌላ አንድ ሰዓት ይሰጣል። ሦስት ሰዓት መሆኑ ነው፣ ያውም ያለ ዕረፍት። እንደ እኔ ላለው አራት ይሁን።

የጉዞ ኮሚቴ አባል፦ ጋሼ ያሉት ይግባ። ወደ ጀልባው ልምጣ። የወንዝ ፍሰት በዓለም አቀፉ መለኪያ ከ1 (ከቀላሉ) እስከ 6 (እስከ አደገኛው) ይመደባል። ከመካከላችን ዋና የማይችል ስለሚበዛ ከ2 አንለፍ። ያው ወንዝ ዝናብ ሲያድርበት ግን ደረጃው ይለወጣል፤ ስለዚህ «ቅዳሜ ጀልባ» ብለን አንጻፍ። መሪው ጠዋት ውሃውን አይቶ ከፈቀደ ጀልባ፣ ካልፈቀደ የእግር ጉዞ። ተንሳፋፊ ሰደርያውንም እዚያው እንፈትሽ፦ ማሰሪያው ሁሉ ከጠበቀ በኋላ አንዱ የሌላውን ሰደርያ ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ይሳበው፤ አገጭ ካለፈ ሰፊ ነው፣ ይቀየር።

የጤና ተጠሪ፦ የምንጭ ውሃ ሳይፈላ አይጠጣ። መፍላት ከጀመረ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ግን ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ።

ጸሐፊ፦ ሁሉም ገብቷል። የመዋጮው መጠን የመኪናው ዋጋ እስኪመጣ ክፍት ነው። መንደሩን ቀድመው የሚያዩ፣ ከሽማግሌዎቹና ከአስተናጋጆቹ ጋር የሚነጋገሩ ሁለት ሰዎች ያስፈልጉናል፤ ፈቃደኞች እስከ ሐሙስ ያሳውቁኝ። አንደኛዋ ሴት ብትሆን ይመረጣል፤ ስለ ወጥ ቤቱ የሚነገረው ለእሷ ነው።