ኩዌክ፦ አኒሜሽኑን ሳለሰልስ ነበልባሉና የተኩስ ብልጭታው ተበላሸ፣ ሰማዩም ይጣመማል

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በ1999 በነፃ ፈቃድ የተለቀቀውን የኩዌክ ጨዋታ ምንጭ ኮድ፣ የኦፕን ጂኤሉን (በግራፊክስ ካርድ የሚስለውን) ቅጂ ይዤ እየሠራሁ ነው። ሞዴሎቹ ፍሬም (የአኒሜሽኑን አንድ አቋም) የሚቀይሩት በሰከንድ 10 ጊዜ ብቻ ስለሆነ በሁለት ፍሬም መካከል ኢንተርፖሌሽን (መሃሉን በስሌት መሙላት) ጨመርኩ። የጭራቆቹ እጅና እግር አማረበት፤ ግን የግድግዳው ችቦ ነበልባል እንደ ጄሊ ይለመጣል፣ የተኩሱ ብልጭታም ከአፈሙዙ ቀስ ብሎ ተስቦ ይወጣል። ጭራቆቹ እግራቸው ለስልሶ ሳለ ገላቸው በዝላይ ነው የሚሄደው፤ አንዳንዴም ትንሽ ዞር ማለት ሲገባቸው ሙሉ ዙር ይሾራሉ። ሰማዩን ወደ ሼደር (ግራፊክስ ካርዱ ላይ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም) ካዛወርኩ ወዲህ ደግሞ ደመናው ጥቁር ጠርዝ አወጣ፤ ሰፊ ሰማይ ሥር ስራመድም ምስሉ ይጣመማል። ከየት ልጀምር?

መልስ 1፦
ከብልጭታው ጀምር። ኤምዲኤል (የኩዌክ ሞዴል ፋይል) አጥንት የለውም፤ በየፍሬሙ የተቀመጠው የነጥቦቹ ቦታ ብቻ ነው። የብልጭታው ሦስት ማዕዘኖች በሌላው ጊዜ መሣሪያው ውስጥ ተጨምድደው ይደበቃሉ፣ በተኩሱ ፍሬም ላይ ብቻ ይዘረጋሉ። መሃሉን ስትሞላ ያ መዘርጋት ራሱ ይታያል። ስለዚህ የተኩስ ብልጭታ ምልክቱ ሲመጣ ለሁለት ፍሬም ኢንተርፖሌሽኑን ቁረጥ፣ አንዱ ለመውጫው አንዱ ለመመለሻው። ተኳሹ ራሱ ተጫዋቹ ከሆነ መቆረጥ ያለበት በእጁ የሚታየው መሣሪያ ነው፤ እሱ ለብቻው የሚሳል ሞዴል ስለሆነ ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ነበልባሉን በስም አግልለው። ኩዌክስፓዝም (ከዚሁ ኮድ የተሠራ ሌላ የኩዌክ ቅጂ) ኢንተርፖሌት የማይደረጉ ሞዴሎችን ዝርዝር የያዘው ለዚሁ ነው፣ ችቦዎቹ እዚያ ውስጥ አሉ። ሌሎች የፍሬም ቡድን (በራሱ የሚደጋገም የፍሬሞች ስብስብ) ያላቸውን ሞዴሎች ስታለሰልስ ግን 0.1 ሰከንድ ብለህ አትደምድም፤ የቡድኑ የጊዜ ርቀት ፋይሉ ውስጥ ተጽፏል፣ እሱን ተጠቀም።

ብርሃኑንም እንዳትረሳ። ሞዴሉ ገላ ላይ የሚታየው ብርሃንና ጥላ የሚሰላው አስቀድሞ ከተዘጋጁ 162 አቅጣጫዎች ነው። ቦታውን አለስልሰህ ብርሃኑን ከአዲሱ ፍሬም ብቻ ከወሰድክ ገላው ላይ በየ0.1 ሰከንዱ ብልጭ ድርግም ይላል። የሁለቱንም ፍሬም ብርሃን አስልተህ በዚያው መጠን ቀላቅል።

መልስ 2፦
ዝላዩ ከፍሬሙ ጋር አይገናኝም። ጭራቅ ቦታውን የሚቀይረው በየ0.1 ሰከንዱ ሲያስብ ነው። ለእያንዳንዱ ጭራቅ የቀድሞና የአሁን ቦታውን፣ እንዲሁም ለውጡ የጀመረበትን ሰዓት ያዝ፤ ከዚያ ያለፈውን ጊዜ ለ0.1 አካፍል፣ ከ1 እንዳይበልጥ ገድብ። ይህን ግን ለሁሉም አታድርግ፤ ሮኬትና በር በየ0.1 ሰከንዱ ሳይሆን በየጨዋታው ፍሬም ስለሚንቀሳቀሱ በከንቱ ወደኋላ ይጎተታሉ። መለያው ቀላል ነው፦ ሰርቨሩ (የጨዋታውን ሕግ የሚያስኬደው ክፍል) በእርምጃ ለሚሄዱት ብቻ «ኢንተርፖሌት አታድርግ» የሚል ቢት (ምልክት) ይልካል። አንተ ያንን ቢት ገልብጠህ «ይህን በራሴ መንገድ አለስልሰው» ብለህ አንብበው።

ሙሉ ዙሩ የማዕዘን ስሌት ነው። ከ350 ወደ 10 ዲግሪ ሲዞር ልዩነቱ −340 ይወጣል፣ ስለዚህ በረጅሙ መንገድ ይሾራል። ልዩነቱ ከ180 ከበለጠ 360 ቀንስ፣ ከ−180 ካነሰ 360 ጨምር። ቴሌፖርትንም አስብበት፤ ዋናው ኮድ በአንዱ አቅጣጫ ከ100 አሃድ በላይ መዝለልን እንደ ቴሌፖርት ነው የሚቆጥረው፣ አንተም በዚያ ቁረጠው።

መልስ 3፦
ሰማዩ ባለ 256 በ128 ፒክስል ቴክስቸር (ገጽ ላይ የሚለጠፍ ሥዕል) ነው፦ የግራው ግማሽ የፊቱ ደመና፣ የቀኙ የኋላው ሰማይ። በግራው ቀለም ቁጥር 0 ግልጽ (ከኋላው ያለውን የሚያሳይ) ነው። ያንን ፒክስል ግልጽ ጥቁር አድርገህ ከላክኸው ማለስለሻ ፊልተሩ ጥቁሩን ወደ ደመናው ጠርዝ ይስበዋል፤ መስመሩ የመጣው ከዚያ ነው። ዋናው ኮድ የኋላውን ንብርብር አማካይ ቀለም ወስዶ አልፋውን (የመሸፈን መጠኑን) ብቻ 0 ያደርጋል። አንተም እንደዚያው አድርግ።

ለመጣመሙ፣ ስሌቱን ከነጥብ ወደ ፒክስል አውርደው። የድሮው ኮድ የሰማዩን ገጽ የሚከታትፈው ስሌቱ በየነጥቡ ስለነበር ነው። ቨርቴክስ ሼደሩ (በየነጥቡ የሚሠራው) «ነጥብ ሲቀነስ ዓይን» የሚለውን አቅጣጫ ርዝመቱን ሳይለውጥ ያስተላልፍ። ፒክስሉ ላይ የዚያን አቅጣጫ ቁመት በ3 አባዛ፣ ጠቅላላ ርዝመቱን 378 አድርግ፣ ጊዜ ሲባዛ በ8 ለኋላው፣ በ16 ለፊቱ ደምር፣ ከዚያ ለ128 አካፍል። ርዝመቱን ቨርቴክስ ላይ ከለወጥከው መጣመሙ ተመልሶ ይመጣል። ጊዜውን ከመላክህ በፊት የ128ን ቀሪ ውሰድ፤ አለዚያ ጨዋታው ረጅም ሰዓት ሲቆይ ቁጥሩ ትክክለኛነቱን ያጣና ደመናው ይንቀጠቀጣል።

ጠያቂ፦
ሁሉም ሠራ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስድስት ሥዕል ያለው የሰማይ ሳጥን ስጭን ግን መገጣጠሚያው ላይ ቀጭን መስመር ይታያል፣ ማዕዘኖቹም አንዳንዴ ይቆረጣሉ።

መልስ 3፦
መስመሩ የሚመጣው ቴክስቸሩ ጠርዙ ላይ ሲደገም ነው፤ የአንዱ ጫፍ ከተቃራኒው ጫፍ ጋር ይቀላቀላል። የጠርዙን አያያዝ «ክላምፕ ቱ ኤጅ» (ጠርዙ ላይ አቁም) አድርገው። ተራው «ክላምፕ» የድንበር ቀለም ስለሚቀላቅል አይበቃም። ማዕዘኑ የሚቆረጠው ሳጥኑ ከሩቁ መቁረጫ (ከዚያ ወዲያ ምንም የማይሳልበት ርቀት) ስለሚያልፍ ነው። ግማሽ ጎኑ 2300 ከሆነ ማዕዘኑ ከዓይን 3984 ያህል ይርቃል፣ ለ4096 መቁረጫ ለጥቂት ይበቃል። መቁረጫውን ካሳነስክ ርቀቱን ለ1.732 አካፍለህ ከዚያ ጥቂት ያነሰ ግማሽ ጎን ስጠው።