አንዱ የስኩዌር ሩት ፈንክሽን ሁለት ግራፍ ስለሰጠኝ እርዳታ እጠይቃለሁ

ዋይ = √(6 − 2ኤክስ) + 1 የሚለውን ፈንክሽን በሁለት መንገድ ስሠራው የተለያየ ግራፍ ስለሚወጣልኝ፣ ስሕተቴን እንድታሳዩኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ሠንጠረዥ አዘጋጅቼ ኤክስን 3፣ 1 እና −5 ሳደርገው ዋይ በቅደም ተከተል 1፣ 3 እና 5 ይሆናል፤ ስለዚህ ግራፉ ከ(3፣ 1) ተነሥቶ ወደ ግራ ይሄዳል። ነገር ግን የ√ኤክስን ግራፍ በመጀመሪያ ከቀኝ ወደ ግራ ገልብጬ፣ ቀጥሎ 6 አሃድ ወደ ግራ ገፍቼ፣ አግድም ርቀቱን በግማሽ ቀንሼ፣ በመጨረሻም 1 አሃድ ወደ ላይ ሳነሣው መነሻው (−3፣ 1) ላይ ያርፋል። በስኩዌር ሩቱ ውስጥ ያለው ኔጌቲቭ እንዳይሆን ኤክስ ከ3 መብለጥ ስለሌለበት የማምነው ሠንጠረዡን ነው። ሆኖም ቅደም ተከተሌ የቱ ላይ እንደተፋለሰና −2ን አስቀድሞ ከቅንፍ ማውጣት ይህን ያስተካክለው እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።

የኪዩብ ሩቱ ጥያቄዬ አጭር ነው። የዋይ = ∛(ኤክስ − 2) ነጥቦች የሆኑት (1፣ −1)፣ (2፣ 0) እና (3፣ 1) በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ስለዋሉ (ሞኝነቴን ይቅር በሉኝና) በማስመሪያ አገናኘኋቸው። ኤክስን 2.125 ሳደርገው ግን ዋይ 0.5 ሆነ፤ በማስመሪያው መስመር ቢሆን 0.125 ብቻ ነበር። ታዲያ ኩርባው (2፣ 0)ን ሲያልፍ እንደ ቋሚ መስመር ቀጥ ይላል ማለት ነው?